ሁለተኛው ድስት

ለግዛቱ ኢዮቤልዩ ምስክርነት ሲሰበሰብ የሰባተኛው ፎቅ በር ሁሉ ተንኳኳ፤ የእኔ ብቻ ታለፈ። በግራዬ ያለው ጡረተኛ መምህር ተጠየቀ። በቀኜ ያለው፣ ከባሕር ማዶ የመጣው፣ ሥጋ የሚባል ነገር በዘሩ ነክቶ የማያውቀው ጨርቅ ነጋዴም ተጠየቀ። ፊት ለፊቴ ያለችው ደብሪቱ ተጠይቃ ፎቶዋ አሳንሰሩ ውስጥ ተሰቀለ፤ ስወጣ ስወርድ እዚያ ሆና ታየኝ ነበር። እኔን ግን «አንቺስ ምን አየሽ?» ያለኝ የለም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይንም የሌለው ይመስላቸዋል።

ራሴ ወረድኩ። ከመቻቻል ቢሮ የተላከችው ልጅ ምድር ቤት የጋራው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች።

«እኔም የምለው አለኝ» አልኳት። «በልጅነቴ በእኛ አገር ክርስቲያን ሲድር ለእስላም እንግዶቹ እስላም ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳርድ ነበር። ድስቱም ጭልፋውም ወጥ ሠሪዋም ከእስላም ቤት ነው የሚመጡት። እስላሙም ሲድር ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። ሁለት ድስት በአንድ ዳስ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ መለያየት ነው የሚባለው» አለች ልጅቷ። «ትውስታ ሲያረጅ ክፉውና ደጉ ይደባለቃል። አይጨነቁ።»

«ያረጀሁት እኔ ነኝ እንጂ ትውስታዬ አይደለም።»

ፈገግ አለች። ያ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ፈገግ ይላሉ። የተናገርኩትን ግን አልመዘገበችም። ስለዚህ አሁን በየቤታችን ለሚሰማውና ለሚናገረው ግድግዳ እናገራለሁ፤ እሱ ይጻፈው። ቃሌን እንዳያለሳልስም ነግሬዋለሁ።

አስቀድሜ ይህን ልበል፦ ግዛቱን አላማም። ልጅ ሆኜ ገበያችን ሲነድ አይቻለሁ። የመስጊዱን ቆርቆሮና የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ እሳቱ እኩል ነው ያጣመመው። እኔ ልገባበት የነበረው ትምህርት ቤትም አብሮ ነደደ፤ ፊደል ያልቆጠርኩት ለዚያ ነው እንጂ ጭንቅላት አጥቼ አይደለም። ያን ያየ ሰው የዛሬውን አያማም። ዛሬ ከባሕሩ ወዲያና ወዲህ ስንት ዓይነት አምላኪ በአንድ ዘውድ ሥር ይተኛል፤ ድንጋይ የሚወረውር የለም። የልጅ ልጆቼ ክብሪት ለምን እንደሚያስፈራኝ አይገባቸውም። አልሐምዱሊላህ።

ኑሯችን እንዲህ ነው። ጠዋት በሮቻችን አንድ ላይ ይከፈታሉ። ግድግዳው የዛሬው ሰላምታ የማን እንደሆነ ይነግረናል፤ በነጋዴው ቀን እጃችንን ደረታችን ላይ ገጥመን በእሱ ቋንቋ ሰላም እንላለን፣ በእኔ ቀን እሱ አሰላሙ አለይኩም ይላል። ጥምቀት ሲደርስ መንገድ የምንጠርገው እኛ ነን፤ ኢድ ሲደርስ ምንጣፍ የሚያነጥፉት እነሱ ናቸው። ተረኛው የታመመ እንደሆነ የጤና ጣቢያው አረጋግጦ ሌላ ይተካል። በረመዳን የክርስቲያኖቹ ወጥ ሽታ ወደ ኮሪደር አይወጣም፤ በሁዳዴ ደግሞ የእኛ። ሽታው የት እንደሚሄድ አላውቅም።

ቤቱም በእጣ ነው የሚሰጠው። አንድ ፎቅ ላይ አንድ ዓይነት ሰው እንዳይበዛ ተሰልቶ ይወጣል። ደብሪቱን ያወጣልኝ ይኸው እጣ ነው። ያኔ ሁለታችንም ባሎቻችንን ቀብረን ነበር። በሯን ከፍታ ስታየኝ የመጀመሪያ ቃሏ «ወይ ጉድ፣ ከወሎ እስላም ጋር አፋጠጡኝ» የሚል ነበር። «ከጎጃም ደብተራ ዘር ጋር ከመፋጠጥ ይሻላል» አልኳት። ግድግዳው ጉሮሮውን ጠረገ። ሃይማኖት የነካ ቀልድ ሲሰማ እንዲህ ያደርጋል። ደብሪቱ ዘወር ብላ «ይማርህ» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህቴ ናት።

አሁን ስለ ሥጋው።

ከጋራው አዳራሽ ጀርባ ድሮ የከብት ማረጃ ነበር፤ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ነዋሪው ሁሉ በየበዓሉ እንዲያርድበት ተብሎ የተሠራ። ማረጃው ተዘጋና የብርጭቆ ገንዳዎች ቆሙበት። ሥጋው እዚያ ያድጋል። የሚጮህ የለም፣ የሚደማ የለም፣ የሚባርክም የለም። የማንም ስላልሆነ የሁሉም ነው ይላሉ። በድግስ ላይ ለሁሉም ከዚያው ይሠራል። ቢሮው የሚልከው ታዛቢ ከየድስቱ ቀምሶ «የሁሉም» ይላል፤ እንግዳ መብላት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ነጥሎ ያበሰለ ወይም ነጥሎ የበላ አይታሰርም፤ ክፉ ቃልም አይናገሩትም። ወደ እፎይታ ሰፈር ይዛወራል። እፎይታ ሰፈር ጎረቤትህ ሁሉ እንዳንተ ያለ ነው፤ ለእስላሙ የእስላም፣ ለክርስቲያኑ የክርስቲያን። ቤቱ ሰፊ ነው አሉ፣ ጓሮም አለው አሉ። ሄዶ የተመለሰ ሰው ግን አላየሁም። በየበዓሉ በግድግዳው ሰላምታ ይልካሉ፣ እነሱም ፈገግ ብለው።

እኔ ያን ሥጋ በልቼ አላውቅም። የአላህ ስም ያልተጠራበትን ምን ብዬ እጎርሳለሁ? ደብሪቱ አማትባ ትበላዋለች፤ መብቷ ነው። በየድግሱ «ሉቤን ጥርሷን ያማታል» እያለች ሽሮ ከፊቴ ታስቀምጣለች። ጥርሴ እንኳን ሥጋ ሚስማር ይቆረጥማል። ሕንጻው ሁሉ ያውቃል፤ ሁሉም «እግዜር ይማርሽ» እያለኝ ያልፋል።

«አንቺ ሴት፣ ጀነት ገብተሽም ሽሮ ነው የምትጠይቂው» ትለኛለች ደብሪቱ።

«አንቺ ደግሞ በሁዳዴ ሽንብራ ተነፍተሽ በበሩ አታልፊም።»

ግድግዳው ይጠርጋል። እኛ እንስቃለን።

የደብሪቱ የልጅ ልጅ አርሴማ የተዳረችው በጥር ነው። አዳራሹ ሞላ። እኔ እንደ ወጉ ከሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጬ ሽሮዬን ስጠብቅ የሦስተኛ ፎቁ እንድሪስ ሚስት ዘምዘም ትንሽ የሸክላ ድስት በጨርቅ ይዛ መጣች። ደብሪቱ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ከፊት ከፊቷ ትመራታለች። ድስቱ እፊቴ ተቀመጠ። ደብሪቱ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

«ሉቤ፣ ይሄ ያንቺ ነው። ፍየል ነው። እንድሪስ አርዶታል፣ ዘምዘም ሠርታዋለች፣ ድስቱም ጭልፋውም አዲስ ነው። እኔ ክዳኑን እንኳ አልነካሁም።»

«አብደሻል?»

«ልጆቼን ሁሉ ስድር ሽሮ በልተሽ ነው የመረቅሽልኝ። ይቺ የመጨረሻዬ ናት። ድሬ ሳላበላሽ ልሙት?»

እንዴት እንዳደረጉት የሰማሁት ኋላ ነው። ተራራው ላይ ለወተት ብቻ ከሚረቡት ፍየሎች አንዱን የደብሪቱ የወንድም ልጅ ጋቢ አልብሶ «አያቴን ብርድ መቷት ነው» እያለ በዕቃ ማንሻው አውጥቶታል። እንድሪስ አባቱ ሥጋ ሻጭ ስለነበር ቢላ አያያዝ አልጠፋውም። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ድምፁ እንዳይሰማ፣ ቢስሚላህ ብሎ አረደው። ለአንዲት አሮጊት ምሳ ሦስት ቤተሰብ ቤቱን አስይዞ ነበር።

በላሁ። ምን ምን እንደሚል አልናገርም፤ የበላ ያውቀዋል፣ ላልበላ ቢነግሩት አይገባውም። ከእኔ ጋር የቀረው ግን ሥጋው አይደለም። ይቺ ሴት ልትቀምሰው የማትችለውን ደግሳለች። በእሷ ድግስ፣ በእሷ ወጪ፣ በእሷ አደጋ፣ በማታምንበት ስም ያሳረደችው እኔ ሳልሸማቀቅ እንድበላ ነው። በሕይወቴ ብዙ ሰው ችሎኛል። መቻል ሌላ ነው። ያን ቀን ያገኘሁት መከበር ነው።

ሁለተኛውን ጉርሻ ሳነሳ ታዛቢው ደረሰ።

ኪሩቤል ይባላል። ጢሙ ገና ያልጠና፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ከትልልቆቹ ድስቶች ቀምሶ «የሁሉም» ብሎ፣ ተጨብጭቦለት፣ እየዞረ ሽማግሌዎቹን ሰላም ይል ነበር። የሸክላውን ድስት አየው።

«ይህኛውን አልቀመስኩትም» አለ፤ በጣም በትሕትና።

እንድሪስ ወለሉን ማየት ጀመረ። ዘምዘም ጨርቋን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ደግማ አጠፈች። ደብሪቱ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ይቅመሰው ማለቷ ነው። ታዛቢ ከቀመሰው ድስቱ የጋራ ሆነ። «የሁሉም» ብሎ ያልፋል፣ ነገሩ እዚያው ይሞታል፤ እሷም ቤቷ፣ እኔም ቤቴ፣ እንድሪስም ቤቱ።

ልጁ ቁራጭ ሥጋ በእንጀራ ጠቅልሎ አነሳ። ጎንበስ ሲል ከአንገትጌው ውስጥ ጥቁር ክር ብቅ አለ። ማተብ ነው።

እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። አንጓውን ያዝኩት፣ ጉርሻው ከንፈሩ ጋ ደርሶ።

«ያንተ አይደለም» አልኩት።

«እማማ፣ የሁሉም የሁሉም ነው» አለኝ። ይህን ሕፃናት ሳይቀሩ በመዝሙር ይማሩታል።

«ማተቡን ማን አሰረልህ?»

«እናቴ።»

«እንግዲያው አትብላ። ይሄ ቢስሚላህ ተብሎበታል። ለእኔ ነው የታረደው። ለአንተ ቢሆን በእናትህ አምላክ ስም ይታረድልህ ነበር፣ በሌላ ድስት።»

«አያቴ እንዲህ ያለ ነገር ታወራ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ጥላቻ ይመስለኝ ነበር።»

«የሚጠላህ ሰውማ ዝም ብሎ ያበላሃል።»

ጉርሻውን ከድስቱ ክዳን ላይ አስቀመጠው። እጁን በመሐረብ ጠረገ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ሄደ። ግድግዳው ጉሮሮውን እንኳ አልጠረገም። ጭጭ አለ፤ የእሱ ዝምታ ይከፋል።

«ገደልሽን» አለችኝ ደብሪቱ። ሙሽሮቹ ገና እየጨፈሩ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ጠዋት በሮቻችን ሲከፈቱ የታዘዝነውን ሰላምታ ብቻ እየተባባልን ከረምን። ስድብ የለም፣ ሳቅ የለም። ቢሮው ለእሷም ለእኔም የእፎይታ ሰፈርን ሥዕል በግድግዳው አሳየን፤ ለእሷ ወንዝ ዳር፣ ለእኔ ኮረብታ ላይ። በመካከላቸው ያለውን መንገድ አላሳዩንም። እንድሪስ ገና ምንም ሳይባል ዕቃውን ጠቀለለ።

አንድ ጠዋት ደብሪቱ በሬን ገፍታ ገባች፤ ከኋላዋ ኪሩቤል። ልጁ ቆሞ ቀረ።

«ተቀመጥ» አልኩት። «ቆመህ የምትናገረው ነገር አያምርም።»

ተቀመጠ። «የቀረው የእኔ ቃል ብቻ ነው» አለ። «ግድግዳው ያየው ጉርሻውን አፌ ጋ ሳደርስና እርስዎ እጄን ሲይዙኝ ነው። መቅመሴን አለመቅመሴን አልለየም፤ የተነጋገርነውንም ዘፈኑ ውጦታል። እንዲህ ሲሆን ግድግዳው ኋላ በየቤቱ ምንም ቢሰማ፣ የሚታመነው የታዛቢ ቃል ነው። ቀምሻለሁ ካልኩ ድስቱ የጋራ ይሆናል። ማንም አይዛወርም።»

«እግዜር ያክብርህ የእኔ ልጅ» አለች ደብሪቱ። «በል እንግዲህ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«ለእናትህ ነግረሃታል?» አልኩት እኔ።

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?»

ማተቡን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «‘በላህ?’ አለችኝ። ‘አልበላሁም፣ አንዲት እስላም አሮጊት እጄን ያዘችኝ’ አልኳት። ተነስታ ወደ ምሥራቅ ዞራ ሰገደች። እናቴ የቢሮው ሠራተኛ ናት እማማ፤ እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ‘ያቺን ሴት ስሟን ጠይቀህ ና’ አለችኝ።»

«የታዛቢ ቃል በየሰው ግድግዳ ይነገራል አይደል?»

«ይነገራል።»

«እሷም ትሰማለች።»

«ውሸት መሆኑን እነግራታለሁ።»

«ለእሷ ትነግራታለህ። ለንስሐ አባትህስ? ነገ ለምትወልዳቸው ልጆችህስ? ‘አባታችን የእስላም ሥጋ በላሁ ብሎ በአደባባይ መሰከረ’ ሲሉ በየቤቱ እየዞርክ ልታስረዳ ነው? ከአፍህ የመለስኩትን በምላስህ ልታስገባው?»

ደብሪቱ ከአጠገቤ ተቀመጠች፤ ከሠርጉ ወዲህ እንዲህ ቀርባኝ አታውቅም።

«ሉቤ» አለችኝ። «ስለ እኔ ብለሽ ዝም በይ። አንድ ቃል ናት። እዚያ ወንዝ ዳር ማንን ልሰድብ ነው? ሁሉም ክርስቲያን ነው።»

«እኔስ ኮረብታው ላይ?»

«እንግዲያው ዝም በያ።»

«ደብሪቱ፣ የያዝኩት የእሱን እጅ ብቻ መሰለሽ? ያንቺን ማተብ ነው የያዝኩት። አንቺስ የእኔን ክዳን ያልነካሽው ለምን ነበር?»

ነጠላዋን አስተካከለች፣ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ትኩስ ነበር» አለች።

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ እንባዋ ግን አልቆመም። ግድግዳው ጉሮሮውን ጠረገ፣ እሷም «ይማርህ» አለችው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞራ «የምትልህን ስማት» አለችው። «እኔ ቤቴን እፈልጋለሁ፤ ቤቴን በአንተ አንገት ግን አልፈልገውም።»

እኔ ተነሳሁ። ጉልበቴ ይጮሃል፤ ቢሆንም እንዲህ ያለው ነገር ተቀምጠው አይነገርም።

«ልጄ፣ አመሰግንሃለሁ» አልኩት። «ለማታውቃት አሮጊት ልትዋሽላት መጣህ፤ አላህ ብድርህን ይክፈልህ። እናትህንም አመሰግናለሁ። ግዛቱንም አመሰግናለሁ፤ ይቺን ሴት ፊት ለፊቴ ያመጣልኝ የእሱ እጣ ነው። ሳላጉረመርም የሰጡኝን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ መንገድ ጥረጊ ሲሉኝ ጠርጌያለሁ፣ በሰው ቋንቋ ሰላምታ በይ ሲሉኝ ብያለሁ። እስከ ዛሬ አንድም ነገር ጠይቄ አላውቅም። አሁን እጠይቃለሁ።

«አንገትጌህን ክፈት፣ ግድግዳው ማተብህን ይይ፣ ቃልህንም ይስማ። ‘አልቀመስኩም’ በል። ‘ደብሪቱ ለጎረቤቷ ብላ በጎረቤቷ እምነት አሳርዳ ለብቻ ደገሰችላት’ በል። ‘ልቀምስ ስል ሉባባ ይመር እጄን ያዘችኝ፤ የክርስቲያን ልጅ መሆኔን አይታ ያዘችኝ’ በል። መለያየት ነው አትበል፣ ጥላቻ ነው አትበል፣ ያየኸውን ብቻ በል። ከዚያ በቢሮህ ወንበር የተቀመጠው ሰው እሱ ራሱ ለነገሩ ስም ይስጠው፤ ወደ ኮረብታም ወደ ወንዝም ይስደደን እንደሆነ ያንን ሰምቶ ይስደደን።

«ተነስ። አሁን፣ እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁህ በል።»